የጋራ ግጦሽ ምንድን ነው? ከልቅ ግጦሽ ጋር አታምታቱት!

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ የቦረና አርብቶ አደር መሬቱን «በልቅ ግጦሽ አራቆተው» ሲል ሰማሁ። ይሄን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ልቅ ግጦሽ ማለት ከብት ደንብም ጠያቂም በሌለበት እንዳሻው ሲሰማራ ነው። የጋራ ግጦሽ ግን ደንብ አለው፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀውም ብዙ ነው።

እድራችሁን አስቡት። ድንኳኑም ድስቱም የጋራ ነው፤ ማንም ግን ሳያስፈቅድ አንስቶ አይሄድም። ዳኛ አለው፣ ቅጣት አለው። ደግሞም የቀብር ቀን አስቀድሞ የሚቆርጥ እድር የለም፤ ጥሩምባው የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። የቦረና ዝናብም እንደዚያው ነው። ወቅቱ ይታወቃል፣ የት እንደሚጥል ግን አይታወቅም፤ አንዱ አካባቢ ለምልሞ ጎረቤቱ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ አስተዳደሩ ተለማጭ መሆን አለበት።

ተለማጭ ሲባል «እንደፈለጉ» የሚመስለው ሰው አለ። ተሳስቷል። መንጋው ከመነሳቱ በፊት አቡሩ፣ ማለትም ቃኚ ይላካል። ሳሩን፣ ውሃውን፣ በሽታ መኖር አለመኖሩን፣ ቀድሞ የሰፈረውን ሰው አይቶ ይመለሳል። ከዚያ የዴዳው፣ ማለትም የጋራ ግጦሽ ቀጠናው፣ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ የሚኬደው ወደ ሌላ ዴዳ ከሆነም ከዚያ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገራሉ። የሚታለቡት ላሞች ከቤት አቅራቢያ ይቀራሉ፤ ጠንካራውና የማይታለበው ከብት፣ ፎራ የሚሉት፣ ርቆ ይሄዳል።

ቱላ ከሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆማችሁ ብታዩ ደግሞ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ሰዎቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። በበጋ ከብቱ የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው፣ ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ ተራው ያልደረሰ መንጋ የቱንም ያህል ቢጠማ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ልቁ የቱ ጋ ነው?

ያው ተንታኝ «በሄክታር ስንት ከብት እንደሚበቃ ይወሰን» አለ። ዝናቡ በየዓመቱ በሚቀራረብበት ደጋ ይሄ ስሌት ይሠራል፤ ተዳፋት ላይ ያለ እርከንንም ከከብት መከለል ትክክል ነው። ዝናቡ ከዓመት ዓመት በሚዋዥቅበት ቆላ ግን አንድ ቋሚ ቁጥር መወሰን እድሩ «በዓመት ከሁለት ቀብር በላይ አላስተናግድም» እንደማለት ነው።

ይሄን ስል መሬቱ አልተጎዳም እያልኩ አይደለም። ተጎድቷል። አንዱ ምክንያት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳር ማቃጠል መከልከሉ ነው፤ እሳቱ ቁጥቋጦውን ይገታው ነበር፣ ሲቀር ቁጥቋጦው ሳሩን ዋጠው። ሌላው ውሃ ነው። ለበጋ በተጠበቀ ሳር መሃል ኩሬ ሲቆፈር መንጋው ክረምት ከበጋ እዚያው ይሰፍርና ለክፉ ቀን የተቀመጠው ያልቃል። ደግሞ ከ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱ የትኛውም ደንብ ሳር ሊያበቅል አልቻለም።

ቃሉ ለምን እንደሚያበሳጨኝ ልንገራችሁ። ልቅ የተባለ መሬት ነገ «ባዶ» ይባላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው። ባዶ ነው ከተባለ ግን አጥር ይመጣል። አጥሩን የሚተክለው ደግሞ የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። ለጥጃ ተብሎ በጋራ ይከለል የነበረው ካሎ ዛሬ በየቦታው የግለሰብ እየሆነ ነው፤ አቡሩም አምና ክፍት የነበረውን መንገድ እሾህ ታጥሮበት ያገኘዋል።