ወንበር ላይ ለተቀመጠ አዋቂ ዳይፐር መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናቴን ስትሮክ ከመታት በኋላ ቀኝ ጎኗ ደከመ። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር ተቀምጣ ትውላለች፤ መንገዱን ታያለች፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች። ዳይፐሯ በረጠበ ቁጥር ግን እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘን ወደ መኝታ ቤት እንወስዳት ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ «ረጥቧል ወይ?» ስንላት «ደረቅ ነው» ማለት ጀመረች። ደረቅ አልነበረም፤ መንገላታቱን ፈርታ ነው። ቤት ድረስ እየመጣች የምታያት ነርስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ እስክታሳየን ድረስ ሌላ መንገድ መኖሩን አላወቅንም። ያኔ የተሳሳትንባቸውን ነገሮች ዛሬም በየዘመዱ ቤት እሰማቸዋለሁ።

«ዳይፐር የሚቀየረው አስተኝቶ ብቻ ነው»

ይህ ከሕፃን አስተዳደግ የለመድነው ነው፤ ሳናስብበት ለአዋቂም አደረግነው። ሰውየው ተደግፎ ግማሽ ደቂቃ ያህል በእግሩ መቆም ከቻለ ወደ አልጋ መውሰድ አያስፈልግም። ዝግጅቱ በሙሉ በተቀመጠበት ያልቃል፤ ቆሞ የሚቆየው ለመጥረጊያውና ለማልበሻው ብቻ ነው።

እኛ ቤት እንዲህ ይሆናል። እጄን ታጥቤ ጓንት አጠልቃለሁ። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ፎጣ፣ ክሬም፣ አዲሱ ዳይፐርና ባዶ ፌስታል ከአጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እሷ ቆማ ሳለች ዕቃ ፍለጋ አልሄድም። ወንበሩን ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ ፊት አስጠጋለሁ። ተሽከርካሪ ወንበር ከሆነ ፍሬኑ ይያዛል፣ የእግር ማሳረፊያውም ይገለላል፤ እሱን ረግጠው ሲነሡ ወንበሩ ወደ ፊት ሊገለበጥ ይችላል። የማይንሸራተት ጫማ ትጫማለች፤ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስቤ በመቀነቷ ሥር እሸጉጣለሁ።

እንደ ፓንት የሚጠለቀውን ዓይነት ስንጠቀም የአሮጌውን ሁለት ጎን ተቀምጣ ሳለች እቀደዋለሁ፤ ሲሠራም እንዲቀደድ ተደርጎ ነው። አዲሱን በእግሮቿ አስገብቼ እስከ ጉልበቷ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ በደከመው እግር፣ ቀጥሎ በደኅናው። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ ትነሣለች። አሮጌውን ወደ ኋላ እስበዋለሁ፣ ከፊት ወደ ኋላ እጠርጋለሁ፣ በፎጣ ጫን ጫን እያደረግኩ አደርቃለሁ፣ አዲሱን ወደ ላይ አወጣለሁ። የመጥረጊያው አቅጣጫ በተለይ ለሴት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከኋላ ወደ ፊት ከተጠረገ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ጀርም ወደ ሽንት ቧንቧ ሊገባ ይችላል። ከተቀመጠች በኋላ ጣቴን በጭኗ ዙሪያ አዞራለሁ፤ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከቀረ ሽንቱ በዚያ በኩል ይፈስሳል።

በጎን የሚለጠፈው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቆማ ሳለች ከፊት ወደ ኋላ በእግሮቿ መካከል አሳልፌ ላላ አድርጌ እለጥፈዋለሁ፤ ስትቀመጥ አስተካክላለሁ።

መቆም ፈጽሞ የማይችል ሰውም አለ። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ሲል ሌላው መቀመጫ ይቀልላል፤ በዚያ በኩል አሮጌው ይሳባል፣ አዲሱ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ይህ ግን ለሽንት ብቻ ነው። ዓይነ ምድር ካለ በዚህ መንገድ በደንብ አይጸዳምና አልጋው ይሻላል። ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነም እንዲሁ።

«ጠንካራ ሰው ካለ ብብት ይዞ ማንሣት ነው»

ትልቁ ጥፋታችን ይህ ነበር። ስትሮክ ባደከመው ጎን ትከሻን ይዞ የሚያቆየው ጡንቻ ልል ይሆናል፤ ክንዱ ሲጎተት አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፣ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። እናቴ ስናነሣት ለምን ፊቷን እንደምታጨማድድ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ነርሷ ማንንም አላነሣችም። እናቴን ወደ ወንበሩ ጫፍ አስጠጋቻት፣ እግሮቿን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ በመሬት ላይ አስረገጠቻት፣ «አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ እስኪደርስ ጎንበስ ይበሉ» አለቻት። ሰው ጎንበስ ሲል ክብደቱ ከመቀመጫው ወደ እግሩ ይዛወራል፤ መቀመጫውም በራሱ ይነሣል። የነርሷ እጅ የነበረው ወገቧ ላይ ነው፣ በደከመው ጎን በኩል ቆማ። እኛ ከዚያ ወዲህ ሰፊና ጠንካራ መቀነት እናስታጥቃታለን፤ መያዣ ነው እንጂ ማንጠልጠያ አይደለም። ሆዱን በቅርቡ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው ግን መቀነት አይታሰርም። በዓረብ አገራት፣ በእስራኤልና በአሜሪካ አረጋውያንን እየጦሩ የሚኖሩ እህቶቻችን ይህን በየቀኑ ደጋግመው ይሠራሉ፤ ብብት ይዞ ማንሣት የእነሱንም ወገብ ይጎዳል።

«ሁለት ደርቦ ማልበስ ወይም ሰፋ ያለ ቁጥር መግዛት ይሻላል»

አይሻልም። የዳይፐር የውጭ ገጽ ውኃ የማያሳልፍ ስለሆነ የውስጠኛው ሲሞላ ወደ ውጭኛው አያልፍም፣ በጎን ይፈስሳል፤ የተረፈው ሙቀት ብቻ ነው። የሰፋው ደግሞ በጭን በኩል ይከፈታል። ወገብንና ዳሌን በሜትር ለክቶ ከሁለቱ በሚበልጠው ልክ መግዛት ነው።

«ውኃ ከቀነሱ ሽንቱም ይቀንሳል»

እኔም ብርጭቆውን ከፊቷ አንሥቼ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ውኃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ ፊኛን ይቆጣል፣ ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ሆድ ድርቀትም ይመጣል፣ የደረቀው ሰገራ ፊኛውን ይጫነዋል። በቂ ውኃ በቀን ሰጥቶ ወደ መኝታ ሰዓት መቀነስ ነው። ቡና አንዳንዱን ሰው ያስቸኩለዋል፤ የእናቴን የጠዋት አቦል ግን አልነካንባትም፣ ማታ ማታ ብቻ ቀረ። ሐኪም ፈሳሽ እንዲቀንስ ያዘዘለት የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ የሐኪሙን ትእዛዝ ይከተል።

«በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈትጎ ፓውደር መነስነስ»

ጤነኛ ቆዳ በትንሹ ኮምጣጣነት አለው፤ የልብስና የገላ ደረቅ ሳሙና ያንን ያጠፋዋል። ለብ ያለ ውኃ ይበቃል፤ ሳሙና ካስፈለገ ለስለስ ያለው በጥቂቱ፣ በደንብ ታጥቦ ይልቀቅ። ፓውደር በእርጥበት ተቋጥሮ በብሽሽት እጥፋት ውስጥ እንደ አሸዋ ይፈትጋል። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ስስ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ክሬም መቀባት ይሻላል፤ በወፍራሙ ከተለቀለቀ ግን ዳይፐሩ ሽንቱን መምጠጥ ያቅተዋል።

«ቆዳው እስካልቀላ ድረስ ቁስል የለም»

ብዙው የሕክምና ጽሑፍ «መቅላትን ተመልከቱ» የሚለው ነጭ ቆዳን አስቦ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ሲነኩት የሚሞቅ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ሲጫኑት የሚያም ቦታ ካለ የመኝታ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። የተቀመጠ ሰው ክብደት በመቀመጫ አጥንቶቹ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ማነቃነቅ፣ ዳይፐር ሲቀየርም ያን ቦታ በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። እኔ የስልኬን መብራት እጠቀማለሁ።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል»

ሽንት ማምለጥ የእርጅና ግዴታ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ ሆድ ድርቀት፣ የስኳር በሽታ፣ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ፣ ሽንት የሚያስወጣ የደም ግፊት መድኃኒት ሁሉ ያመጡታል፤ ብዙዎቹ ይታከማሉ። በወጣትነታቸው በምጥ መራዘም ተጎድተው ሲደብቁ የኖሩ እናቶችም አሉ። ያ ፊስቱላ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይጠገናል፤ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

«ወንድ ልጅ ለእናቱ ይህን አያደርግም»

ይህን አመለካከት ማንቋሸሽ አልፈልግም፤ ከአክብሮት የመጣ ነው። እህቴ ሥራ በምትሄድበት ቀን ግን እናቴ በእርጥብ ዳይፐር ልትውል ሆነ። ጠየቅኳት። ሁለት ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ በሩ ይዘጋ፣ ጋቢዬ ከፊቴ አይነሣ። ስለዚህ ጋቢውን በፊት በኩል ወገቧ ላይ እናስረዋለን፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ እሠራለሁ። ሦስተኛውን የነገረችኝ ቆይታ ነው። እሷ እዚያው ተቀምጣ እያለች እንደሌለች ቆጥረን ከእህቴ ጋር «ረጥባለች? አልረጠበችም?» መባባላችን ከመራቆቱ በላይ ያሳፍራት ነበር። አሁን የምንጠይቀው እሷን ነው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ስንነሣም የምትቆጥረው እሷ ናት፤ «አንድ፣ ሁለት» ብላ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ «ሦስት» ሳትል ማንም አይነካትም።