ለቀባሪው አረዱት

በመጀመሪያ አነባበቡን እናስተካክል። «አረዱት» ሲባል «ረ»ን አጥብቆ ያነበበ ሰው በግ የታረደ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ግን «ዱ» ነው። ቃሉ የመርዶ ዘመድ ነው፤ ማርዳት ማለት የሞት ዜና መንገር ነው።

መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ዘመዱ ሩቅ አገር ለሞተበት ሰው እንዲሁ በስልክ አይነገረውም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተጠራርተው በማለዳ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ነጠላ አዘቅዝቀው ደጁ ላይ የቆሙ ሰዎችን ሲያይ አንድም ቃል ሳይወጣቸው ነገሩ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ላልሰማ ሰው ነው። ቀባሪው ሬሳውን ተሸክሟል፣ አፈር መልሷል፣ ሲደክመው አካፋውን ለቀጣዩ ሰው አቀብሏል። የመቃብሩ ጭቃ ከጫማው ገና አልረገፈም። ለእርሱ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «እገሌ እኮ አረፈ» ማለት ምን ይባላል? አባባሉ የተቀዳው ከዚህ ነው። አንድን ነገር ከሥሩ ለሚያውቅ ሰው እንደ አዲስ ወሬ ሲነግሩት «ለቀባሪው አረዱት» ይባላል።

ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ሰው፣ ዲጄ ጁብሊ ነው። ትክክለኛ ስሙ ጀሮም ቴምፕል ሲሆን፣ ሴንት ቶማስ ከተባለው የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሰፈር የወጣ ነው። በሙያው የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች መምህር ነው፤ በሰፈር ድግስና በትምህርት ቤት ጭፈራ ላይ ደግሞ ማይክሮፎኑ የእርሱ ነበር።

ሙዚቃው ባውንስ ይባላል። መሠረቱ ሾውቦይስ የተባሉ የኒው ዮርክ ራፐሮች በ1986 ያወጡት ሸክላ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኒው ኦርሊንስ ዲጄዎች የዚያን ሸክላ ምት እየቆረጡ ደጋግመው ያጫውቱታል፤ በላዩ ላይ አንዱ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። በሠርግ ቤት አውራጅና ተቀባይ ሲቀባበሉ ላደገ የእኛ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይሆንበትም። የጁብሊ ልዩ ችሎታ ጭፈራውን በቃል መምራት ነው። ቁሙ ሲል ይቆማሉ፤ የእንቅስቃሴውን ስም ሲጠራ ያንኑ ያደርጋሉ፤ ሰፈሮችን በየተራ ሲያነሳ ስሙ የተጠራው ሰፈር ልጅ ይፈነዳል። ግጥሙንም ከስድብ ጠብቆታል። መምህር ነውና ተማሪዎቹ ይሰሙታል፤ ይህን ጥንቃቄውን እጅግ አከብርለታለሁ።

በ1993 ባወጣው ዘፈን ውስጥ «ትወርክ» የሚለውን የጭፈራ ቃል ተጠቅሟል፤ ዳሌን እየነቀነቁ መጨፈር ማለት ነው። ቃሉን በሸክላ ላይ ካሰሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነው።

ሃያ ዓመት አለፈ። ነሐሴ 2013 አንዲት ታዋቂ የፖፕ ዘፋኝ በቴሌቪዥን የሽልማት መድረክ ላይ ያንን ጭፈራ ስትጨፍር ዓለም ተንጫጫ። በዚያው ሳምንት ኦክስፎርድ ቃሉን በኢንተርኔት መዝገበ ቃላቱ አካተተ። ጋዜጦችም «ትወርክ ምንድን ነው?» እያሉ የዘመኑን አዲስ ፈሊጥ ማብራራት ያዙ። በጁብሊ ድምፅ የጨፈሩት ተማሪዎች በዚያን ጊዜ ጎልማሶች ሆነዋል። እነርሱ ትናንት ያላቡበትን ጭፈራ ከሌላ አፍ ሊማሩት! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። መርዶ ነጋሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከማንኳኳቱ በፊት «ማን ቀበረ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው የሚያሳዝነው።

አባባሉ የማይሠራበትም ቦታ አለ። የኒው ኦርሊንሱ ራፐር ጁቨናይል ከጁብሊ ዘፈን ጋር የሚቀራረብ አዝማች ባለው ዘፈን በመላው አሜሪካ ሲገን፣ የጁብሊ ወገን ከሰሰ፤ በ2003 ዳኝነቱ ለጁቨናይል ሆነ። ፍርዱ ለጁብሊ ወዳጆች ይመር ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ላይ «ለቀባሪው አረዱት» ማለት አያስኬድም። ጁቨናይል ያደገው እዚያው ከተማ፣ ማግኖሊያ ሰፈር ነው። ሁለቱም አካፋ ጨብጠው ነበር።