«ስትራቴጂክ ብረት» ማለት ውድ ብረት ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ወርቅ ቢጤ ይመስለዋል። ቃሉ የሚናገረው ግን ስለ ዋጋ አይደለም። ለመከላከያና ለኢንዱስትሪ የግድ የሚያስፈልግ፣ ምንጩ ግን በጥቂት አገሮች እጅ ያለ ብረት ማለት ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው።

ለምን የግድ? ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ቀጥቃጭ ቤት ማረሻ ሲሳል አይቷል። ወናፉ ይነፋል፣ ከሰሉ ይፋፋማል፣ ማረሻው ፍም ይመስላል። ያኔ በመዶሻ እንደተፈለገ ይታጠፋል። ለገበሬው ደግ ነው። ለአውሮፕላን ሞተር ግን እንዲህ መለስለስ አደጋ ነው።

ባሕር ዳር የሚያርፈውን ጄት አስቡት። ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን የተርባይን ብሌዶች፣ ማለትም ትንንሽ ክንፎቹን፣ የሚመታው ጋዝ፣ ብሌዶቹ ራሳቸው ከሚቀልጡበት ሙቀት በላይ ይግላል። የሚያድናቸው በውስጣቸው የሚያልፈው አየር፣ የሴራሚክ ሽፋናቸውና የተሠሩበት ቅይጥ፣ ማለትም የብረቶች ድብልቅ፣ ነው። የቅይጡ ዋና አካል ኒኬል ነው። ክሮሚየም ከዝገት ይጠብቀዋል። ሬኒየም የሚባል ብረት ደግሞ አለ። አንዳንድ ቅይጥ ውስጥ 3 በመቶ ብቻ ነው የሚገባው። ግን ብሌዱ በሙቀትና በሽክርክሪት ቀስ በቀስ እንዳይለጠጥ ይይዘዋል። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይቺ ቁንጣሪ ናት።

ምንጩ በጥቂቶች እጅ ሲሆንስ? ቅይጡ ውስጥ የሚገባውን ኮባልት የሚባለውን ብረት እዩ። አብዛኛው የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮባልቱ በሚወጣበት በዚያው አገር የሻባ ግዛት ውጊያ ሲነሳ ዋጋው ሰማይ ነካ። ሞተር ሠሪዎችም ኮባልት የሚቆጥብ ቅይጥ ፍለጋ ገቡ።

እኛም ጋ፣ ጉጂ ውስጥ፣ ቀንጢቻ ላይ ታንታለም የሚባል ብረት አለ። እሱም ብሌድ ቅይጥ ውስጥ ይገባል።