ምስጢራዊ ተዋጊዎች በጋራ ዓለም ልቦለዶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በርካታ ደራሲያን አንድን ምናባዊ ዓለም ተጋርተው በሚጽፏቸው ሳይንሳዊ ልቦለዶች ውስጥ ፊቱን የሸፈነ፣ ከየት እንደ መጣ የማይናገር፣ ሕጉንም ለባዕድ የማይገልጥ የጦረኞች ማኅበር አይጠፋም። አንባቢ ይህን ማኅበር የሚያገኘው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመሆኑ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያሰበው ይመስለዋል፤ ራሱም ብዕር ሲያነሣ ከዚሁ ግምት ይጀምራል። እዚህ በዋና ምሳሌነት የማቀርበው ስታር ዋርስ በተባለው፣ ከጠፈር ጦርነት ፊልሞች በተወለደው ዓለም ያሉትን ማንዳሎሪያኖች የተባሉ ጦረኞች ነው። የመረጥኳቸውም ከአንድ የልብስ ንድፍ ተነሥተው የራሳቸው ቋንቋና ቃል ኪዳን እስኪኖራቸው ድረስ የሄዱበትን መንገድ ዓመት በዓመት መከተል ስለሚቻል ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«የቡድኑ ምስጢር ገና ሲጀመር ተነድፎ ማለቅ አለበት»

ጀማሪ ጸሐፊ አንድም ምዕራፍ ሳይጽፍ የማኅበሩን የሺህ ዓመት ታሪክ፣ የአለቆቹን ዝርዝርና የመሐላውን ቃል በደብተር ሲሞላ ወራት ያልፋሉ። ማንዳሎሪያኖች ግን እንዲህ አልተወለዱም። ለሁለተኛው የስታር ዋርስ ፊልም ዝግጅት ሲደረግ ራልፍ ማክኳሪና ጆ ጆንስተን ለልዩ ኮማንዶ ወታደሮች የታሰበ ነጭ ጥሩር ነደፉ፤ በኋላ ወታደሮቹ ቀሩና ልብሱ ቀለም ተቀብቶ ቦባ ፌት ለተባለ፣ ተፈላጊ ሰዎችን በክፍያ እያደነ ለሚይዝ አንድ ገጸ ባሕርይ ተሰጠ። ይህ ሰው በ1978 መስከረም ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ በምትገኘው ሳን አንሴልሞ በተደረገ የአደባባይ ሰልፍ ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ በቴሌቪዥን በአጭር የካርቱን ታሪክ ቀረበ። በ1980 በወጣው ፊልም ውስጥ የሚናገረው አራት ጊዜ ብቻ ነው። «ማንዳሎር» የሚለው የማንዳሎሪያኖች ፕላኔት ስም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች በአንዱም አልተጠራም።

ማኅበሩን የወለደው ከፊልሙ ጋር አብሮ የወጣው የዶናልድ ግሉት ልቦለድ ነው ማለት ይቻላል። ደራሲው የቦባ ፌትን ልብስ ሲገልጽ ጄዳይ በተባሉት የዚህ ዓለም ባላባት ተዋጊዎች የተሸነፉ ክፉ ተዋጊዎች ይለብሱት የነበረ ዓይነት መሆኑን በአንድ ሐረግ ጠቀስ አድርጎ አለፈ። ሐረጉ ምንም አያብራራም፤ ነገር ግን ልብሱ የቡድን እንደ ነበረ፣ ቡድኑ እንደ ተሸነፈ፣ የተሸነፈውም በታወቀ ጦርነት መሆኑን ይናገራል፤ ለሚቀጥለው ደራሲ ሦስት በር ከፈተ ማለት ነው። በ1983 የኮሚክ መጽሐፍ ጸሐፊዎች በእነዚህ በሮች ገብተው ፕላኔቲቱንና ከጦርነቱ የተረፉትን ተዋጊዎች አሳዩ። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ አንድ ሐረግ ከደብተር ሙሉ ዝግጅት ይበልጣል፤ ደብተሩን ያዘጋጀው ሰው ብቻ ያነበዋል፣ ሐረጉን ግን ሌላ ደራሲ አንሥቶ ይሠራበታል።

«ምስጢራዊ ማለት ስለ ቡድኑ ምንም አለመናገር ነው»

ዝምታ ብቻውን ምስጢር አይሆንም፤ አንባቢ ከበስተጀርባው አንድ ነገር እንዳለ ካላመነ ባዶነት ነው። የቀድሞዋ የመከላከያ ጉዳዮች ጋዜጠኛ ካረን ትራቪስ ከ2004 ጀምሮ በጻፈቻቸው ልቦለዶች ያደረገችው ተቃራኒውን ነው። ለማንዳሎሪያኖች ኑሮ ሰጠቻቸው። በ2005 ለወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ የሙዚቃ ደራሲው ጄሲ ሃርሊን የፈጠራቸውን የዝማሬ ቃላት መነሻ አድርጋ ማንዶአ የተባለውን ቋንቋ አስፋፋች። በዚህ ቋንቋ «ቡይር» የሚለው ቃል እናትንም አባትንም የሚጠራ አንድ ቃል ነው፤ በጦር ሜዳ ወላጆቹን ያጣን ልጅ ማንም አንሥቶ የሚያሳድግበት ማኅበር ሌላ ዓይነት ቃል አያስፈልገውም። ሰላምታቸው «ሱ ኩይጋር» ሲሆን ትርጉሙ «አሁንም በሕይወት አለህ» ማለት ነው። «አለህ?» ሲባል «አለሁ» ብሎ መመለስ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ሰላምታ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛው አባባል በልማድ ብዛት ክብደቱ ቀለለ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ከልቦለዶቹ አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ካል ስኪራታ የተባለው አሮጌ አሠልጣኝ በየዕለቱ፣ እሱ በሕይወት እንዳለ፣ እነሱ እንደ ሞቱ፣ ካስታወሳቸው ግን ዘላለማዊ መሆናቸውን የሚናገር አጭር ቃል ይደግማል፤ ከዚያም የሞቱ ጓዶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። አንባቢ ስሞቹን ይሰማል፤ የብዙዎቹን ታሪክ ግን አያውቅም። የማኅበሩ ምስጢራዊነት የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ ልማዱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ታሪኩ ይቀራል። ደራሲዋ ስሞቹን ደብቃ «ምስጢራዊ ጸሎት ደገመ» ብላ ብታልፍ ኖሮ አንባቢው የሚያስታውሰው ነገር ባልኖረ ነበር።

«ሁለት ደራሲያን ስለ ቡድኑ የተለያየ ነገር ከጻፉ ዓለሙ ፈርሷል»

ይህ አመለካከት በአንባቢያን ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፋ ነው፤ የተሳሳተ መሆኑንም ከራስ ቁሩ ነገር በላይ የሚያሳይ የለም። በ2002 በወጣው ፊልም የቦባ አባት ጃንጎ ፌት ራሱን ተገልጦ ይታያል፤ በትራቪስ ልቦለዶችም ተዋጊዎቹ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ማዕድ ይቀርባሉ። በ2019 የጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ግን በሕያው ፍጥረት ፊት የራስ ቁሩን ፈጽሞ የማያወልቅ ማንዳሎሪያን ይዞ መጣ። የቀደመውን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ስሕተት ቢያየው አይፈረድበትም።

መልሱ በሁለተኛው ምዕራፍ በ2020 መጣ። ቦ ካታን የተባለችው ማንዳሎሪያን በዋናው ገጸ ባሕርይ ፊት የራስ ቁሯን ስታወልቅ እሱ ጥሩሩን ከየት እንዳመጣችው ይጠይቃታል፤ ፊቷን የገለጠች ማንዳሎሪያን ልትሆን አትችልም ብሎ ያምናልና። እሷ ደግሞ ያሳደጉት ሰዎች ከሕዝቡ ተገንጥለው የጥንቱን ሥርዓት ለመመለስ የተነሡ አክራሪዎች መሆናቸውን ትነግረዋለች። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ አንጃ ያስተማረውን የሕዝቡ ሁሉ ሕግ አድርጎ ኖሯል። በደራሲያን መካከል የነበረው ልዩነት በዚህ መንገድ የገጸ ባሕርያቱ ልዩነት ሆነ፤ ምስጢራዊ ማኅበር ደግሞ በባሕርይው እንዲህ ላለው መፍትሔ የተመቸ ነው፤ ዕውቀቱ በየክፍሉ የተከፋፈለ በመሆኑ ማንም አባል ሙሉውን ማወቅ አይጠበቅበትም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ብልሃት አለ። በ2010 በቀረበ የካርቱን ክፍል የማንዳሎር ጠቅላይ ሚኒስትር ጃንጎ ፌት ተፈላጊዎችን በክፍያ የሚይዝ ተራ ሰው መሆኑንና ጥሩሩን ከየት እንዳገኘው እንደማያውቅ ይናገራል። አሥር ዓመት ቆይቶ ቦባ ፌት በጥሩሩ ውስጥ የተቀመጠውን መዝገብ አውጥቶ አባቱ በማንዳሎሪያኖች ያደገ ሙት ልጅ እንደ ነበረ ያሳያል። ሁለቱ አይጣሉም፤ የመጀመሪያውን የተናገረው ተራኪው ሳይሆን የጦረኝነት ዘመኑን ለመርሳት የሚፈልግ መንግሥት ባለ ሥልጣን ነውና። ስለ ማኅበሩ የሚጻፍ ዋና ዋና ነገር ሁሉ ጥቅም ባለው ሰው አፍ ቢነገር፣ በኋላ የሚመጣ ደራሲ ቀዳሚውን ሳይሰርዝ ሊያጥፈው ይችላል። በተራኪው ድምፅ የተነገረውን ግን ማጠፍ ከባድ ነው፤ የጋራ ዓለም ጸሐፊ ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ሲጠቀም ለተከታዩ ቋጠሮ እንደሚያጠብቅበት ሊያውቅ ይገባል።

«ቡድኑን ያበለጸገው ደራሲ የቡድኑ ባለቤት ነው»

አይደለም። የጋራ ዓለም ልቦለድ በአብዛኛው በውል የሚሠራ ሥራ ሲሆን መብቱ የኩባንያው ነው። የስታር ዋርስ ኩባንያ ሉካስፊልም ከ2000 ጀምሮ ሌላንድ ቺ የሚመራውን ሆሎክሮን የተባለ የመረጃ ቋት አዘጋጅቶ በየሥራው የተጻፈውን እያመሳከረ ይመዘግብ ነበር፤ ከማን ቃል የማን ቃል እንደሚበልጥም ደረጃ ተበጅቶለት ነበር። በ2010 የቴሌቪዥኑ ካርቱን ማንዳሎርን በጦርነት የተቃጠለ ምድረ በዳ፣ ሕዝቧንም ጦርነትን የተወ ሰላማዊ ሕዝብ አድርጎ አቀረበ፤ ይህም ትራቪስ ከሣለችው የገበሬና የአንጥረኛ ምድር ጋር የሚገናኝ አልነበረም። በሚያዝያ 2014 ደግሞ ኩባንያው የቀደሙትን ልቦለዶች በሙሉ ከይፋዊው ታሪክ አውጥቶ «ሌጀንድስ» በሚል ስያሜ ለብቻ አስቀመጣቸው።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተረፈ ነው። የነገሥታቱ ዝርዝርና የጦርነቶቹ ተከታታይ ታሪክ ቀርተው «ቤስካር» የሚለው የማንዳሎሪያን ብረት ስም ተረፈ። ትራቪስ በማንዶአ ያስተዋወቀችው ይህ ቃል ዛሬ የቴሌቪዥኑ ታሪክ ዋና ገመድ ነው፤ ተዋጊው የሚከፈለው በቤስካር ነው፣ አንጥረኛዋ የምታቀልጠው ቤስካርን ነው፣ ከጠላት የሚመለሰውም ቤስካር ነው። ለማንሣት የቀለለ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

«አስፈሪ እንዲሆኑ የማይሸነፉ መሆን አለባቸው»

በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቦባ ፌት በ1983ቱ ፊልም ዓይኑ በማያይ ሰው እጅ በአጋጣሚ ተመትቶ ጉድጓድ ገብቷል፤ ዝናው ግን አልቀነሰም። ማኅበሩም የተጀመረው «የተሸነፉ» ተብለው ነው። የተሸነፈ ጦረኛ የሚደብቅበት ምክንያት አለው፤ ሁሌ የሚያሸንፍ ማኅበር ለምን እንደሚሸሸግ ማስረዳት ይቸግራል።

«ምስጢር ውሎ አድሮ መገለጥ አለበት»

አንዳንዱ መገለጥ አለበት። ባትልቴክ በተባለው፣ ከጠረጴዛ ጨዋታ በተወለደ ሌላ የጋራ ዓለም ዎልፍስ ድራጉንስ የተባሉ ቅጥረኛ ተዋጊዎች በታሪኩ ዘመን በ3005 አምስት ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ሆነው ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ይደርሳሉ፤ መሣሪያቸው በዘመኑ ከሚታወቀው ሁሉ የተሻለ ነው፣ ጌቶቻቸውንም አንድ በአንድ እየቀያየሩ ያገለግላሉ። ማይክል ስታክፖል ከ1989 እስከ 1991 ባወጣቸው ሦስት ልቦለዶች ከ250 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የሰው ልጆችን ግዛት ለቆ የሄደ ሠራዊት ዝርያዎች ለወረራ ይመለሳሉ፤ ቅጥረኞቹም የእነሱ ሰላዮች ሆነው የተላኩ እንደ ነበሩ ይታወቃል። ይህ መገለጥ የሠመረው መልሱ ከጥያቄው የሰፋ በመሆኑ ነው። አንባቢ የጠየቀው ስለ አንድ ጦር ነበር፤ ያገኘው አንድ ሙሉ ሥልጣኔ ነው።

አንዳንዱ በግማሽ ይገለጣል። ዋርሃመር 40,000 በተባለው፣ እንዲሁ ከጠረጴዛ ጨዋታ በተወለደ ዓለም አልፋ ሌጌዎን የተባለው ሠራዊት ወታደሮች ማንነታቸውን ሲጠየቁ ሁሉም የአዛዣቸውን ስም እየጠሩ «አልፋሪየስ ነኝ» ይላሉ። ዳን አብኔት በ2008 ባወጣው ልቦለድ አዛዡ መንታ ወንድም እንዳለው ገለጠ፤ ነገር ግን ያንኑ ምስጢር በሚፈታበት መጽሐፍ ሌጌዎኑ በእርግጥ ለማን እንደሚዋጋ የሚያጠራጥር ሌላ ምስጢር ተከለ።

ሦስተኛው ዓይነት ጨርሶ አይገለጥም። በዚሁ ዓለም ንጉሠ ነገሥቱ ያቋቋማቸው ሌጌዎኖች ሃያ ሲሆኑ የሁለተኛውና የአሥራ አንደኛው መዝገብ ተፍቋል። በ2006 የጀመረውና በ2024 የተጠናቀቀው ተከታታይ ከሃምሳ በላይ መጻሕፍት የያዘ፣ በብዙ ደራሲያን የተጻፈ ነው፤ ከደራሲያኑ አንዱም ክፍት ቦታውን አልሞላም። ገጸ ባሕርያቱ የሆነውን ያውቃሉ፤ ሲጨዋወቱ ወደዚያ ሲጠጉ ዝም ይላሉ፣ ወይም አንዱ ሌላውን በዓይኑ ያስቆመዋል።