ስሎቬኒያ በአንድ አንቀጽ አልተገነጠለችም

«ዩጎዝላቪያ የመገንጠል መብት ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ስላስገባች ፈረሰች። ስሎቬኒያም አንቀጹን መዝዛ ወጣች።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ታሪክ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ይዘውት ክፍል ይገባሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ይነሳል። የእኛን አንቀጽ 39 የሚደግፈውም የሚቃወመውም እኩል ይጠቅሰዋል። በአንቀጽ 39 ላይ የፈለጋችሁትን አቋም ያዙ። በማስረጃነት የምትጠሯትን አገር ግን እወቋት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ።

ስሎቬኒያ ስሎቫኪያ አይደለችም። ስሎቫኪያ የቼኮዝሎቫኪያ አካል ነበረች፤ ስሎቬኒያ ከዩጎዝላቪያ ስድስት ሪፐብሊኮች አንዷ።

በሶቪየት ሥርም አልነበረችም። የዩጎዝላቪያ መሪ ቲቶ ከሶቪየቱ ስታሊን ጋር የተጣላው በ1948 ነው። ዩጎዝላቪያ ሶቪየት የምትመራው የጦር ኅብረት፣ የዋርሶ ስምምነት፣ አባል ሆና አታውቅም። ከ1960ዎቹ ጀምሮማ ሰዎቿ ፓስፖርታቸውን ይዘው ጀርመንና ኦስትሪያ እየሄዱ ይሠሩ ነበር።

«ትንሽ ስለነበረች በሌሎቹ ትጦር ነበር» የሚለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሕዝቧ 2 ሚሊዮን፣ ከፌዴሬሽኑ 8 በመቶ ገደማ ነበር። የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ከድሃዋ ራስ ገዝ ክፍለ ሀገር ከኮሶቮ ከ6 እጥፍ በላይ። የጎሬንየ ፍሪጅ የሚሠራው እዚያ ነበር። ለድሆቹ አካባቢዎች በተቋቋመው ፈንድ ታዋጣ ነበር፤ በመዋጮው ላይ የነበረው ቅሬታም ቀላል አልነበረም።

አሁን ወደ አንቀጹ። የ1974ቱን ሕገ መንግሥት በዋናነት የቀረጸው ኤድቫርድ ካርዴሊ ራሱ ስሎቬናዊ ነው። እስከ መገንጠል የሚደርስ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ሰነዱ ውስጥ አለ፤ ግን መግቢያው ላይ ነው። እንዴት እንደሚፈጸም የሚናገር አንድም አንቀጽ የለም። የእኛው አንቀጽ 39 የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እያለ ሥርዓቱን ይዘረዝራል። የእነሱ ይህ ሁሉ የለውም። ጭራሽ አንቀጽ 5 የአገሪቱ ድንበር ሁሉም ሪፐብሊኮችና ራስ ገዝ ክፍለ ሀገሮች ካልተስማሙ አይለወጥም ይላል። መብቱ በ1946ቱ ሕገ መንግሥትም ተጽፎ ነበር። ቃሉ ብቻውን አገር የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ 45 ዓመት ምን ይጠብቅ ነበር?

ያፈረሳት ሌላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ዕዳዋ 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በ1989 የዋጋ ንረቱ ከ1,000 በመቶ አለፈ። በ1988 የዩጎዝላቪያ ጦር ፍርድ ቤት አራት ሰዎችን በወታደራዊ ምስጢር ጉዳይ ሉብሊያና ላይ ከሰሰ። ችሎቱ በስሎቬኒያ ዋና ከተማ የተካሄደው በስሎቬንኛ ሳይሆን በሰርቦ ክሮኤሽያኛ ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ከተከሳሾቹ አንዱ ያኔዝ ያንሻ ከሦስት ዓመት በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ ያንኑ ጦር ገጠመ።

ዋናው መዞሪያ 1989 ነው። የሰርቢያው መሪ ሚሎሶቪች በሰርቢያ ውስጥ ያሉትን የኮሶቮንና የቮይቮዲናን ክፍለ ሀገሮች ራስ ገዝነት ነጠቀ፤ አገሪቱን በጋራ በሚመራው የፌዴራሉ ፕሬዚዲየም የነበራቸውን ድምፅ ግን ለራሱ አስቀረ። ሰርቢያንና ሞንቴኔግሮን ጨምሮ ከ8ቱ ድምፅ (የስድስቱ ሪፐብሊኮችና የሁለቱ ክፍለ ሀገሮች) 4ቱ በእጁ ገባ። ስሎቬኖች የእኛ ተራ መቼ ነው ብለው ፈሩ። በጃንዋሪ 1990 በገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ ጉባኤ ያቀረቡት ሐሳብ ሁሉ እየተራ ሲወድቅባቸው አዳራሹን ጥለው ወጡ። በዲሴምበር 1990 ሕዝበ ውሳኔ ከተመዘገበው መራጭ 88 በመቶው ነፃነትን መረጠ።

«ጀርመን ነች ያፈረሰቻት» የሚል አንድ የተማረ ሰው በቅርቡ ገጥሞኛል። ነፃነት የታወጀው ጁን 25 ቀን 1991 ነው፤ ጀርመን እውቅና የሰጠችው ዲሴምበር ላይ። ስድስት ወር ዘግይታ የመጣችን አገር የመነሻ ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ጦርነቱ 10 ቀን ብቻ ፈጀ፤ የሞተው ሰው ከ100 አይበልጥም። ይህም የሆነው አንቀጹ ስለፈቀደ አይደለም። ከነዋሪው ወደ 9 አስረኛው የሚጠጋው ስሎቬን ነበር፤ የፌዴራሉ ዋና ከተማ ቤልግሬድም ልትይዛት ብዙ ፍላጎት አልነበራትም። በዚያው ሕገ መንግሥት ሥር የነበረችው መቄዶንያ ያለ ጦርነት ወጣች። በቦስኒያ ግን 100 ሺህ ገደማ ሰው አለቀ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማሠራቸው ይህንን ነው፤ ሠንጠረዡን ሳይጨርሱ እንዲከራከሩ አልፈቅድም።

«ስሎቬኒያ ንጹሕ ፍቺ ፈጸመች» የሚሉትም የቀረውን ይስሙ። በፌብሩዋሪ 1992 መንግሥት ከሌሎቹ ሪፐብሊኮች የመጡ፣ በተሰጠው ስድስት ወር ዜግነት ያላገኙ ከ25 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ከቋሚ ነዋሪነት መዝገብ ሰረዘ። አልነገራቸውም። ብዙዎቹ ያወቁት ለመታወቂያ ወይም ለሐኪም ሲሄዱ ነው። ሥራቸውን፣ ጡረታቸውን፣ ሕክምናቸውን ያጡ አሉ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት መብታቸው መጣሱን በታላቁ ችሎት ያረጋገጠው በ2012 ነው።