የተክል ጸጉር ምንድን ነው? እሾህ አይደለም!

«ሳማ ጥቃቅን እሾህ አለው» ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ሲቀቀል እሾሁ ይሟሟል» ብለው ጨመሩበት። የሎሚን እሾህ ቀኑን ሙሉ ቀቅሉት፤ ከድስቱ ሲወጣ ያው ይወጋል። ሳማ ግን ጥቂት ፈላ ሲል ልጅ የሚበላው ወጥ ይሆናል። ይህ ብቻውን ልዩነቱን ሊነግረን በተገባ ነበር።

የሎሚ እሾህ መልኩን የለወጠ ቅርንጫፍ ነው፤ ከግንዱ የሚመጣ የውሃ ቧንቧ ውስጡ ድረስ ይዘልቃል። በእኛ በዕፅዋት ጥናት ሙያ ትራይኮም የምንለው ጸጉር ግን ከተክሉ የላይኛው ቆዳ ብቻ ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ወይም ጥቂት ሕዋስ ነው።

«ሁለቱም ያማሉ፤ ምን ለየው?» ለሚሉኝ፦ እሾህ ጦር ነው፤ የሳማ ጸጉር ግን የመርፌ መድኃኒት የሚቀመጥበት ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ እንዲሰበር ተብሎ አንገቱ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ የጸጉሩም ጫፍ የመስታወት ባሕርይ ባለው ሲሊካ የተሠራና በቀላሉ የሚሰበር ነው። እጃችን ሲነካው አናቱ ይቀነጠሳል፤ የቀረው ሹል ሆኖ ቆዳችን ውስጥ ይገባል፤ ሂስታሚን የተባለ ቆዳን የሚያሳክክ ኬሚካል ያለበት ፈሳሽም ይንቆረቆራል። ብልቃጡ ራሱ፣ መርፌው ራሱ፣ መድኃኒቱን የሠራውም ራሱ ነው፤ ሁሉም በአንድ ረጅም ሕዋስ። የሚለበልበን ፈሳሹ እንጂ ውጋቱ አይደለም። በፈላ ውሃ ሕዋሱ ይሞታል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ፈሳሹም ይበተናል።

ጸጉር ሁሉ ግን አይለበልብም። የቲማቲም ቅጠል ስንነካ እጃችን ላይ የሚቀረው ሽታ ከጸጉሩ እጢዎች የሚወጣ ነው፤ የበሶብላም መዓዛ እንዲሁ። የምንለብሰው ነጠላስ? እያንዳንዷ የጥጥ ጭረት ከዘሩ ቆዳ ላይ የበቀለች የአንድ ሕዋስ ጸጉር ናት፤ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ልትረዝም ትችላለች። እሾህ ፈትለን ለበስን የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ተክልን በጸጉሩ ለመለየት የሚሞክሩ ተማሪዎችም ይጠንቀቁ። ለጋ ቅጠል ጸጉራም ሆኖ ሲያረጅ ሊመለጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ ተክል ለጋውንም ያረጀውንም ይውሰዱ። ጥጥ አምራቾችም «ጸጉራም ዝርያ ተባይ አይነካውም» የሚለውን በደፈናው አይቀበሉ፦ ቅጠሉ ጸጉራም የሆነ ጥጥ ጃሲድ የተባለውን የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ይቋቋማል፤ ለሌላው ተባይ ለነጭ ዝንብ ግን ይመቻል።