ሳንድዊች የሚሉት ሰውዬ፦ ስለ ጆን ሞንታጉ ከሚወራው ስንቱ እውነት ነው?

ካፌ ገብታችሁ "አንድ የእንቁላል ሳንድዊች" ስትሉ፣ ሳታስቡት የአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ማዕረግ ጠርታችኋል። ጆን ሞንታጉ ይባላል፤ አራተኛው ኧርል ኦፍ ሳንድዊች። በ1718 ተወልዶ በ1792 ሞተ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1748 በአኽን ከተማ የአውሮፓን ጦርነት የዘጋውን ስምምነት ከተደራደሩት አንዱ ነው። የተረፈለት ግን ዳቦ ነው።

ስለ እሱ የሚወራው አብዛኛው ነገር ወይ ከጠላቶቹ አፍ የወጣ ነው፣ ወይ አንድ መንገደኛ ሰምቶ የጻፈው። እስቲ እንያቸው።

"ቁማር ላይ ተጥዶ ሳንድዊችን ፈለሰፈ"

ታሪኩን ሁላችንም ሰምተናል። ኧርሉ ካርታ ሲጫወት ራበው፤ መነሳት ስላልፈለገ ሥጋውን በሁለት ቁራሽ ዳቦ መሃል አምጡልኝ አለ። ይህ ወሬ የመጣው ፒየር ዣን ግሮስሌ ከሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1765 ለንደንን ጎብኝቶ በ1770 መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ሚኒስትር ለ24 ሰዓት ቁማር ላይ ተቀምጦ ከዳቦና ከበሬ ሥጋ ሌላ ምንም እንዳልቀመሰ፣ ምግቡም እኔ እዚያ እያለሁ ፋሽን ሆነ ብሎ ጻፈ። ዓይኔ አየ አላለም። የሰማውን ነው ያወራው።

ደግሞ ዘግይቶ ደርሷል። የታሪክ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊበን በኅዳር 1762 በያዘው ማስታወሻ፣ ለንደን ውስጥ ኮኮዋ ትሪ በሚባል ክለብ የተከበሩ ሰዎች ቀዝቃዛ ሥጋ "ወይም ሳንድዊች" ሲበሉ ማየቱን ጽፏል። ግሮስሌ ለንደን ሳይገባ ቃሉ ነበረ ማለት ነው።

የባሕር ኃይል ታሪክ አዋቂው ሮጀር ሌላ ግምት አለው። ግሮስሌ እስከመጣበት ዓመት አጋማሽ ድረስ ሳንድዊች ሥራ የበዛበት ሚኒስትር ነበር። ከባድ ቁማርተኛ ለመሆኑም ማስረጃ የለም። ስለዚህ ዳቦውን የበላው ቁማር ሳይሆን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን አይቀርም ይላል። እኔ ይሄ ይበልጥ ያሳምነኛል። በማለዳ ተነስቶ ደብዳቤዎቹን ከቁርስ በፊት የሚጽፍ ሰው ነበር።

ለነገሩ ሥጋን በዳቦ መሃል ማድረግ ፈልሳፊ የሚያስፈልገው ነገር ነው እንዴ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው የአይሁድ መምህር ሂሌል፣ የፋሲካውን በግ ከመራራ ቅጠል ጋር በቂጣ ይበላ እንደነበር ይነገራል። ሞንታጉ የሰጠው ስሙን ብቻ ነው።

"ሳንድዊች የቤተሰቡ ስም ነው"

አይደለም። የቤተሰቡ ስም ሞንታጉ ነው። ሳንድዊች በኬንት ግዛት ያለች አሮጌ የወደብ ከተማ ናት። የቤተሰቡ ርስት ደግሞ ከእሷ ሩቅ፣ ሃንቲንግደን አጠገብ፣ ሂንቺንብሩክ በሚባል ቤት ነበር። የመጀመሪያው ኧርል በ1660 ማዕረግ ሲሰጠው መጀመሪያ ያሰበው ፖርትስማውዝን ነበር ይባላል። በዚያ ዓመት መርከቦቹን ያቆመው ሳንድዊች ፊት ለፊት ስለነበር ለእሷ ክብር ቀየረው ይላሉ። ሐሳቡን ባይቀይር ኖሮ ዛሬ "አንድ የዶሮ ፖርትስማውዝ" እያልን እናዝ ነበር።

"ዘሩ ከጥንት ጀምሮ የዘውድ ታማኝ ነው"

የትውልዱን ሐረግ ወደ ላይ ስትከተሉ የምታገኙት ተቃራኒውን ነው። የመጀመሪያው ኧርል ኤድዋርድ ሞንታጉ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከፓርላማው ጎን ሆኖ ንጉሡን የወጋ ነው። በ1645 ኔዝቢ ላይ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ሲሸነፍ ከአሸናፊዎቹ ጋር ነበር። ንጉሡ ከተገደለ በኋላ አገሪቱን የገዛው የኦሊቨር ክሮምዌል ወዳጅና የባሕር አዛዥ ሆነ። ሂንቺንብሩክ ራሱ ሞንታጉዎች ከመግዛታቸው በፊት የክሮምዌል ዘመዶች ቤት ነበር።

ክሮምዌል ሲሞት ነፋሱ ዞረ። ኤድዋርድም አብሮ ዞረ። በ1660 የተገደለውን ንጉሥ ልጅ ከሆላንድ ሊያመጣ ሄደ። የተሳፈረባት መርከብ ስሟ "ኔዝቢ" ነበር። የንጉሡን ልጅ አባቱ በተሸነፈበት ቦታ ስም አሳፍሮ ማምጣት አይሆንማ! እዚያው ስሟ ተፍቆ "ሮያል ቻርልስ" ተባለች። ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶ የጻፈው የኤድዋርድ ዘመድና ጸሐፊ፣ ዛሬ በዕለት ማስታወሻው የሚታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ ነው። ማዕረጉ የተገኘው እንግዲህ በታማኝነት ሳይሆን ጊዜን በማወቅ ነው። ሰውዬው በ1672 ከሆላንዶች ጋር ሶልቤይ ላይ ሲዋጋ መርከቡ ተቃጥላ ሞተ።

በአያቱ በኩል ደግሞ ሌላ ደም አለ። የጆን ሴት አያት የጆን ዊልሞት ልጅ ናት። ዊልሞት፣ ኧርል ኦፍ ሮቸስተር፣ በብልግና ግጥሙና በልቅ ኑሮው የታወቀ ባለቅኔ ነው። የጆን ጠላቶች ይህን የዘር ሐረግ ቢጠቅሱ አይገርምም።

መቼም ስለ ሞንታጉዎች ካነሳን አይቀር፣ ከዚሁ ግንድ የወጣው ሎርድ ሃሊፋክስ ለእኛም ቅርብ ነው። ጀምስ ብሩስን በአልጀርስ ቆንስል አድርጎ የላከው እሱ ነው። ብሩስ ከዚያ ተነስቶ በ1770 ጎንደር ገባ፤ ግሽ ዓባይንም አየ። በ1763 ሃሊፋክስና ሳንድዊች አብረው ሚኒስትሮች ነበሩ።

"ማዕረጉን ከአባቱ ወረሰ፣ በሀብት ተንደላቀቀ"

አባቱ የሞተው ጆን ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳይሆን፣ በ1722 ነው። ማዕረጉን በ1729 ያገኘው ከአያቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሀብቱም ለኧርል የሚበቃ አልነበረም፤ የመንግሥት ሹመት የሚፈልገው ለደሞዙም ጭምር ነው።

"ዊልክስ አንድ ቃል ተናግሮ አፉን አስያዘው"

ሳንድዊች ፖለቲከኛውን ጆን ዊልክስን "የምትሞተው በስቅላት ነው ወይስ በአባላዘር በሽታ?" ሲለው፣ ዊልክስ "መርሆህን ወይም ውሽማህን እንደማቀፌ ነው" ብሎ መለሰ ይባላል። ድንቅ መልስ ነው። ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲታተም የተሰጠው ለዊልክስ ሳይሆን ለተዋናዩ ሳሙኤል ፉት ነበር።

የሁለቱ ጠብ ግን እውነት ነው። አንድ ማኅበር ውስጥ አብረው የጠጡ ሰዎች ናቸው። በኅዳር 1763 ሳንድዊች የዊልክስን ነው የተባለ የብልግና ግጥም በሎርዶች ምክር ቤት ጮክ ብሎ አነበበ። ሳንድዊች ስለ ጨዋነት ሲሰብክ! ሕዝቡ ሳቀ። በዚያው ሰሞን በመድረክ ይታይ የነበረ ተውኔት ውስጥ ጓደኛውን አሳልፎ የሚሰጥ ጄሚ ትዊቸር የሚባል ሌባ ነበር። ቅጽል ስሙ ተለጠፈበት፤ እስኪሞትም አልለቀቀውም።

"ሚስቱን ፍቅረኛዋ ገደላት"

የተገደለችው ማርታ ሬይ ሚስቱ አልነበረችም። ሕጋዊ ሚስቱ ዶሮቲ ፌን አእምሮዋ ታውኮ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ማርታ ዘፋኝ ናት፤ ከኧርሉ ጋር ለብዙ ዓመታት ኖራ ልጆች ወልዳለች። ሚያዝያ 7 ቀን 1779 ከቲያትር ስትወጣ፣ ወታደርነቱን ትቶ ቄስ የሆነው ጀምስ ሃክማን በሽጉጥ ገደላት። እሱም ራሱን ለመግደል ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረና በ12ኛው ቀን ተሰቀለ። በፍቅር ማበዱ አያጠራጥርም። እሷ ግን ትወደው ነበር የሚለው ወሬ የተስፋፋው በማግስቱ ዓመት "የሁለቱ ደብዳቤዎች" ተብሎ በወጣ መጽሐፍ ነው። ደብዳቤዎቹ የደራሲው ፈጠራ ናቸው።

"አሜሪካ ከእንግሊዝ እጅ የወጣችው በእሱ ስንፍና ነው"

ይሄ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ከ1771 እስከ 1782 ባሕር ኃይሉን የመራው እሱ ነው፤ ሽንፈቱም በእሱ ጊዜ ነው። ጥፋት የለበትም ማለት አይቻልም። በ1778 ከፈረንሳይ ጋር ከተደረገው ውጊያ በኋላ ሁለት አዛዦች ሲካሰሱ፣ ጉዳዩ የፖለቲካ ወገን መለያ ሆኖ መኮንኖቹን ለሁለት ከፈለ።

ግን መርከቦቹ ቀደም ብለው እንዲዘጋጁ ሲወተውት ነበር። ገንዘብ የያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ኖርዝ እምቢ አለ። ከዚያ ፈረንሳይ በ1778፣ ስፔን በ1779 ጦርነቱ ውስጥ ገቡ። በ1779 የሁለቱ የተባበረ የባሕር ኃይል ራሷን እንግሊዝን ሊወር ደጃፏ ድረስ መጣ። መርከቦቹን ወደ አሜሪካ ቢልክ ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው።

ብዙም የማይነገርለት ሥራ ደግሞ አለ። የመርከቦቹን ሆድ በመዳብ አስለብሷል። እንጨት ባሕር ውስጥ በትል ይበላል፣ አረምም ይለጠፍበታል፤ መዳቡ ይህን ስለሚከላከል መርከቧ ትፈጥናለች። ሐሳቡን የገፋው የባሕር ኃይሉ የመርከብ ሥራ ኃላፊ ቻርልስ ሚድልተን ነው፤ ፈቅዶ ያስፈጸመው ሳንድዊች። በሚያዝያ 1782 አድሚራል ሮድኒ ካሪቢያን ላይ ፈረንሳዮቹን ድል አደረገ። ሮድኒን የሾመው ሳንድዊች ነው፤ ግን መንግሥቱ ወድቆ ከሥልጣን ከለቀቀ ሳምንታት አልፈው ነበር። ምስጋናው ለሌላ ሆነ።

"የሳንድዊች ደሴቶች የተሰየሙት በምግቡ ነው"

ካፒቴን ኩክ በ1778 ሃዋይ ሲደርስ "የሳንድዊች ደሴቶች" ያላቸው ጉዞውን ለደገፈው አለቃው ብሎ ነው። ያ ስም ቀርቷል። ከዚያ በፊት በ1775 በደቡብ አትላንቲክ ያገኛቸው ግን ዛሬም ደቡብ ሳንድዊች ይባላሉ። በረዶ፣ እሳተ ገሞራና ፔንግዊን ነው ያለው። ነዋሪ የለም፤ ካፌም የለም።